ልማድ በአንድ አንቀጽ ይሻራልን?

ስለ ወግ አጥባቂዎች አስተሳሰብና ስለ ልማድ ሕግ የቀረበ አጭር ጥናት

በተማሪዎች መካከል ስለ ባህልና ስለ ዘመናዊ አስተዳደር ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገኖች ወዲያው ተለይተው ይታያሉ። አንደኛው ወገን የአባቶች ልማድ ሁሉ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው፤ አገር የሚያድገው ይህን ከሥሩ ነቅሎ በሌላ ሲተካ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ልማድ ሁሉ ቅርስ ነው፤ እሱን የነካ አገርን ነካ ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ አንድ ነገር ይጎድላቸዋል፤ ይኸውም የሚከራከሩበት ልማድ በትክክል ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣና ማን እንደሚተዳደርበት አለመጠየቃቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወግ አጥባቂ የሚባለውን አስተሳሰብ ለማመስገንም ሆነ ለመንቀፍ አይደለም። በመጀመሪያ የአስተሳሰቡን ምክንያት ባለቤቶቹ እንደሚናገሩት አድርገን ለማስረዳት፣ ቀጥሎም በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ምን እንዳስከተለ ለመመልከት ነው። ለመመርመሪያ የመረጥነው ሕግን ነው። ስለ ባህል በጠቅላላው የሚነገረው ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ጉም አይጨበጥም፤ ሕግ ግን ሰውን ከርስቱ ይነቅላል ወይም ያጸናል፤ ጋብቻን ያስራል ወይም ይፈታል። ስለዚህ የአስተሳሰቡ ጥቅምና ጉዳት በሕግ ላይ ገሃድ ሆኖ ይታያል። ምሳሌዎቻችንን የምናመጣው ከእንግሊዝ፣ ከጀርመን፣ ከጃፓንና ከኢትዮጵያ ነው። የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

1. የአስተሳሰቡ መነሻ

ወግ አጥባቂነት ማለት ለውጥን ሁሉ መጥላት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ለውጥን መፍራት በሰው ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፤ ነገር ግን ይህ ስሜት እንጂ አስተሳሰብ አይባልም። ወግ አጥባቂነት በምክንያት ላይ የቆመ የፖለቲካ አስተሳሰብ ሆኖ ጎልቶ የወጣው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በፈረንሳይ አብዮት ምክንያት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰውም ኤድመንድ በርክ ነው። በርክ በ1729 በደብሊን ከተማ ተወልዶ በእንግሊዝ ፓርላማ ብዙ ዘመን ያገለገለ ሰው ነበረ። ስለ ፈረንሳይ አብዮት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በኅዳር ወር 1790 ነው። በዚያ ጊዜ የፈረንሳይ ንጉሥ ገና በዙፋኑ ላይ ነበረ፤ በሞት የተቀጣው በ1793 ነው። በርክ ግን አስቀድሞ፣ ነባሩን ሥርዓት ሁሉ በአንድ ጊዜ ማፍረስ ወደ ደም መፋሰስና በመጨረሻም ወደ ወታደር አገዛዝ ይወስዳል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር።

የበርክን ምክንያት በሦስት ከፍለን ልናስረዳ እንችላለን። አንደኛው ስለ ዕውቀት ነው። የአንድ ሰው አእምሮ፣ ምንም ብልህ ቢሆን፣ ጥቂት ነገር ብቻ ያውቃል፤ ብዙ ትውልድ እየሞከረ፣ እየተሳሳተና እያረመ ያቆየው ሥርዓት ግን ማንም ብቻውን ሊደርስበት የማይችል ዕውቀት በውስጡ አለ። ስለዚህ የአንድ ልማድ ጥቅም ወዲያው ካልታየን፣ ጥቅም የለውም ከማለታችን በፊት እኛ ያላየነው ነገር እንዳለ መጠርጠር ይገባናል። ሁለተኛው ስለ ትውልድ ነው። ኅብረተሰብ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሰዎች ብቻ የሚዋዋሉበት የንግድ ማኅበር አይደለም፤ ያለፉትም ገና የሚወለዱትም ድርሻ አላቸው። ዛሬ ያለው ትውልድ አደራ ጠባቂ እንጂ እንደ ወደደ የሚያባክን ባለቤት አይደለም። ሦስተኛው ስለ ለውጥ ነው። ራሱን ለማረም መንገድ የሌለው መንግሥት ራሱን ለመጠበቅም መንገድ የለውም፤ ነገር ግን እርማቱ ከነባሩ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። በአገራችን ምሳሌ ብንናገረው፣ ቤቱ የሚያፈስበት ሰው ክዳኑን ይለውጣል እንጂ ምሰሶውን አይነቅልም እንደ ማለት ነው።

በርክ የቆየውን ሁሉ የሚደግፍ ሰው አለመሆኑን ሥራው ያስረዳል። የአሜሪካ ቅኝ ተገዦች በግብር ምክንያት ባቀረቡት አቤቱታ ከእነሱ ጋር ቆሟል። ከ1788 እስከ 1795 በቆየውም ታላቅ ክስ፣ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹም የነበረውን ዋረን ሄስቲንግስን በፓርላማ ፊት ከሰውት ከነበሩት ዋነኛው እርሱ ነበረ። በዚያ ክስ ላይ ካቀረባቸው ነጥቦች አንዱ ህንዶች የራሳቸው የቆየ ሕግና ሥርዓት ያላቸው ሕዝቦች መሆናቸውን፣ ይህንም ሥርዓት የውጭ ነጋዴ ሊረግጠው እንደማይገባ ነበር። እንግዲህ ልማድን ማክበር ለኃያሉ መደገፊያ ብቻ ሳይሆን ለተጠቃውም ጋሻ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ዳሩ ግን መልስ ወዲያው መጥቷል። ቶማስ ፔን በ1791 ባሳተመው መጽሐፍ የሞቱት ሰዎች በሕይወት ባሉት ላይ ሊገዙ አይችሉም፤ እያንዳንዱ ትውልድ ስለ ራሱ የመወሰን መብት አለው ብሎ ተከራከረ። ከእሱም ቀድማ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት በዚያው በ1790 ዓመት ባወጣችው መልስ ከሁሉ የጠነከረውን ጥያቄ አነሣች። አንድ ነገር ስለ ቆየ ብቻ ሊከበር የሚገባው ከሆነ፣ የባሪያ ንግድም የቆየ ነውና ለዘላለም መጽናት ነበረበት አለች። ይህ ጥያቄ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ባርነት በኢትዮጵያ ውስጥም በልማድም በተጻፈ ሕግም የታወቀ ነገር ነበር፤ ጨርሶ በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ልማድ ነውና አይነካ የሚል ሰው ቢኖር ማን ይጠቀም፣ ማንስ ይጎዳ እንደ ነበረ ለማንም ግልጽ ነው።

2. የጀርመን ሊቃውንት ክርክር

የበርክ አስተሳሰብ በአገር አስተዳደር ላይ ነበር፤ ወደ ሕግ ትምህርት የገባው ይህን የሚመስል አስተሳሰብ በጀርመን አገር በ1814 ነው። ናፖሌዎን በ1804 ያወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ብዙ የጀርመን ምድር ገብቶ ነበር። ናፖሌዎን በተሸነፈ ጊዜ ጀርመኖች የራሳቸው ጥያቄ ተነሣባቸው። በዚያ ዘመን ጀርመን አንድ መንግሥት ሳትሆን በብዙ መሳፍንት የተከፈለች ነበረች፤ በያንዳንዱም ግዛት የተለያየ ሕግ ይሠራ ነበር። የሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አንቶን ቲቦ ለጀርመን ሁሉ የሚሆን አንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቶሎ ይጻፍ አለ። ምክንያቱም ዜጋ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ሕጉ ሊለወጥበት አይገባም፤ አንድ ሕግም የተከፋፈለውን ሕዝብ ያስተሳስረዋል የሚል ነበር።

ለዚህ መልስ የሰጠው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፍሪድሪሽ ካርል ፎን ሳቪኚ ነው። እንደ ሳቪኚ አባባል ሕግ እንደ ቋንቋ ነው። ቋንቋን ማንም ጉባኤ ተቀምጦ አላወጣውም፤ ሰዎች ሲነጋገሩ ቀስ በቀስ አደገ። ሰዋስው ጸሐፊው ይመጣና ያገኘውን ሥርዓት ይመዘግባል እንጂ ቋንቋውን አይፈጥረውም። እንደዚሁም ሕግ መጀመሪያ በሕዝቡ ልማድና እምነት፣ ቀጥሎም በሊቃውንት ሥራ ያድጋል። ስለዚህ ሕዝቡ ያለውን ሕግ ጠንቅቆ ሳያጠና በችኮላ የሚጻፍ መጽሐፍ የዘመኑን ድንቁርና ለመጪው ትውልድ ማሰሪያ ያደርገዋል አለ።

በክርክሩ ለጊዜው የረታው ሳቪኚ ነው ለማለት ይቻላል። ጀርመን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1871 ሲሆን፣ የፍትሐ ብሔር ሕግዋ የታወጀው በ1896፣ በሥራ ላይ የዋለውም ከ1900 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ከክርክሩ አንሥቶ እስከዚያ ድረስ ሊቃውንቱ ብዙ ስለ ደከሙበት ሕጉ በጥንቃቄው በዓለም የታወቀ ሆነ፤ ጃፓንን የመሳሰሉ አገሮችም ተምረውበታል።

ነገር ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሕግ ከሕዝብ ልማድ ይወለዳል ያለው ሳቪኚ፣ ዕድሜውን ሙሉ የደከመው የጀርመንን ገበሬ ልማድ በማጥናት አልነበረም፤ የሮማውያንን ሕግ በማጥናት ነበር። ለዚህ የሰጠው ምክንያት ሥልጣኔ ሲያድግ ሊቃውንቱ የሕዝቡ እንደራሴ ይሆናሉ፤ እነሱም የተማሩት የሮማን ሕግ ነው የሚል ነበር። በ1843 ጌኦርግ ቤሴለር የተባለው ሊቅ የሕዝብን ሕግና የሊቃውንትን ሕግ ለይቶ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ነቅፎታል። ከዚህ የምንማረው በሕዝብ ስም የሚናገር ሰው ሁሉ ሕዝቡን የጠየቀ እንዳልሆነ ነው። ይህ ትምህርት ወደሚቀጥለው ምሳሌ ያደርሰናል።

3. ጃፓን፤ የትኛው ልማድ?

የጃፓን ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንደ አርአያ ሲጠቀስ ቆይቷል። ብዙ ጊዜ የሚባለው ጃፓኖች ባህላቸውን ሳይለቁ ሠለጠኑ ነው። ይህ አባባል በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

ጃፓኖች ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የተዋዋሉት ውል ክብራቸውን የሚነካ ስለ ነበረ፣ ያን ውል ለማሻሻል አውሮፓውያን የሚቀበሉት ዓይነት ሕግ ማውጣት አስፈለጋቸው። ስለዚህ ጉስታቭ ቧሶናድ የተባለውን ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ጠሩ፤ እርሱም በ1873 ጃፓን ገባ። በዚህ መካከል የፍትሕ ሚኒስቴሩ በየአውራጃው ያለውን የጋብቻ፣ የውርስና የውል ልማድ አስጠይቆ በ1877ና በ1880 በመጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሕግን ከማውጣት በፊት ልማድን የመመዝገብ ሥራ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ቧሶናድ የተካፈለበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1890 ታወጀ፤ በ1893 መጀመሪያ በሥራ ላይ እንዲውል ተወስኖ ነበር። በዚህ ጊዜ ወግ አጥባቂዎቹ ተነሡ። ሆዙሚ ያትሱካ የተባለው የሕግ ሊቅ በ1891 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ሕግ ከጸና ለንጉሥ መታመንና ለወላጅ መታዘዝ ከአገሩ ይጠፋሉ ብሎ ጮኸ። ክርክሩ በረታና ፓርላማው በ1892 ሕጉን አዘገየው። እንደገና ሦስት ጃፓናውያን ሊቃውንት አዘጋጅተውት አዲሱ ሕግ በ1898 ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ዋለ።

አዲሱ ሕግ ስለ ቤተ ሰብ ያወጣው ሥርዓት የጃፓን ጥንታዊ ልማድ ነው ተባለ። በዚህ ሥርዓት የቤቱ አለቃ የቤተ ሰቡን ጋብቻ የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን ነበረው፤ የአለቅነቱን ውርስ የሚያገኘው በተለይ የበኩር ወንድ ልጅ ነበር፤ ያገባች ሴትም ያለ ባልዋ ፈቃድ ብዙ ጉዳዮችን በሕግ ለመፈጸም አትችልም ነበር። ዳሩ ግን ይህ በአብዛኛው የሳሙራዮች፣ ማለት የጦረኞቹ ወገን፣ ልማድ ነበረ። በገበሬው ዘንድ የነበረው ልማድ ልዩ ልዩ ነበር፤ የመጨረሻው ልጅ የሚወርስበት አውራጃ ነበር፤ የበኩር ሴት ልጅ ቤቱን ይዛ ባልዋ የሚገባበትም ነበር። እንግዲህ በልማድ ስም የተደረገው ነገር የጥቂቶቹን ልማድ አንሥቶ የሁሉም ሕግ ማድረግ ነው። ገበሬዋ የበኩር ሴት ልጅ ድርሻዋን ያጣችው ልማድን በናቁት ሳይሆን ልማድን እንጠብቃለን ባሉት ሰዎች እጅ ነው። ይህ የቤተ ሰብ ሥርዓት ከጦርነቱ በኋላ በ1947 በወጣው ሕግ ተሽሯል።

4. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ

ከዚህ በላይ ያየነውን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ፍትሐ ነገሥት የተጻፈ ሕግ ሆኖ ይጠቀስ ነበር። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ አገር በዓረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተተረጐመ ነው። በየአገሩ ግን ሕዝቡ የሚዳኘው ይልቁንም በልማዱ ነበር። በሰማንያ ጋብቻ፣ በርስት ክርክር፣ በሽምግልና፣ በደም ካሣ፣ በኦሮሞ የገዳና የጉማ ሥርዓት፣ በጉራጌ ቂጫ፣ በሱማሌና በአፋር ሽማግሎች ሸንጎ የሚሠራው ሥራ እጅግ ሰፊ ነበር። ሰው ተጣልቶ ሲሄድ ሌላው «በሕግ አምላክ!» ቢለው መቆም ግዴታው ነበር፤ ይህን ያደረገ አንቀጽ አልነበረም፤ ሁሉም ያመነበት ልማድ እንጂ።

ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ስድስት ታላላቅ የሕግ መጻሕፍት ታወጁ። ከእነሱ ሰፊው፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ረቂቁን ያዘጋጁት ታዋቂው ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ፕሮፌሶር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያውያን አባሎች ያሉበት ኮሚሲዮን መርምሮታል። ሕጉ 3367 አንቀጾች አሉት። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የሚገኘው 3347ኛው አንቀጽ ደግሞ ለጽሑፋችን ዋና ነገር ነው። ቃሉን አሳጥረን ብናስረዳው፣ በሌላ ሁኔታ በግልጽ ካልተነገረ በቀር፣ በዚህ ሕግ በተመለከቱት ጉዳዮች ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩት ደንቦች፣ የተጻፉም ሆኑ የልማድ፣ ተሽረዋል ይላል።

ፕሮፌሶር ዳቪድ በኋላ በ1963 በእንግሊዝኛ በታተመ ጽሑፍ ምክንያታቸውን ገልጸዋል። የሐሳቡ ፍሬ ኢትዮጵያ በሌላ አገር ብዙ መቶ ዓመት የፈጀውን የልማድ ቀስ በቀስ ማደግ ለመጠበቅ አትችልም፤ ለንግድዋና ለአንድነትዋ የተዘጋጀ ሕግ በቶሎ ያስፈልጋታል የሚል ነው። ይህ የቲቦ ክርክር ነው፤ ክብደቱንም ማቃለል አይገባም። ሆኖም እንደ ጃፓኑ ያለ የአገሩን ልማድ ሁሉ የሚመዘግብ ሰፊ ሥራ ከረቂቁ በፊት አልተደረገም።

ሕጉ ልማድን ፈጽሞ የናቀ አይደለም። መተጫጨትን ተቀብሏል፤ በልማድ መሠረት የሚፈጸም ጋብቻን አጽንቷል፤ የባልና የሚስትን ጠብና ፍቺን በመጀመሪያ ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ሰጥቷል። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ የሆነውን ልብ ብለን እንመልከት። በሰሜኑ ክፍል በነበረው በሰማንያ ጋብቻ ባልና ሚስት እኩልነታቸውን ተዋውለው ይጋባሉ፤ ሲፋቱም አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ በአባትዋም በእናትዋም በኩል ርስት መጠየቅ ትችል ነበር። በሥራ ላይ ርስትዋን ለማስከበር ብዙ ችግር ያገኛት ነበር፤ መብትዋ ግን የታወቀ ነበር። ዘመናዊ የተባለው ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባል የቤተ ሰብ አለቃ ነው፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል አለ፤ የጋራ ንብረትንም ማስተዳደር በአብዛኛው ለባል ሰጠ። የባል አለቅነት በአገራችን እንግዳ አልነበረም፤ ይህን የመሰለ ድንጋጌ ግን በአውሮፓ ሕጎችም ውስጥ የተለመደ ነበር። እንግዲህ አዲስ የሆነ ሁሉ ነጻ ያወጣል፣ ያረጀ ሁሉ ያስራል የሚለው የመጀመሪያው ወገን አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። ይህን የባል አለቅነት የሻረው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የጋብቻንም ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጓል። በ1952ቱ ሕግ የሴት ልጅ 15 ዓመት ነበር።

5. አንቀጹ ሠራን?

ሕጉ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ልማዱ ግን አልጠፋም። በብዙ ገጠር እስከ ዛሬ ድረስ የመሬት ወሰን፣ የቤተ ሰብ ጠብ፣ የነፍስ ግድያ እንኳ ሳይቀር ወደ ሽማግሎች ይሄዳል። ፍርድ ቤት ከወሰነም በኋላ ዕርቅ ካልወረደ ደም አይደርቅም ተብሎ ይታመናል። ሳቪኚ ይህን ቢያይ፣ ያልኋችሁ ይህን ነው ባለ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በ1987 ዓ.ም. በ34ኛው አንቀጽ፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ የግልና የቤተ ሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል አመለከተ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና የሚሰጥ አዋጅ አወጣ። በ3347ኛው አንቀጽ በበር የወጣው ልማድ በመስኮት ተመለሰ ለማለት ይቻላል።

ዳሩ ግን አንድ ልማድ ስለ ኖረ ብቻ ትክክል ነው ለማለት አይቻልም። ያው ሕገ መንግሥት በሚቀጥለው፣ በ35ኛው አንቀጽ፣ ሴቶችን የሚጎዱ ልማዶችን ተጽዕኖ የማስወገድ ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን የተቀመጡት በከንቱ አይደለም። አንዲት ወጣት ሴት በሽማግሎች ልዳኝ ብላ ፈቀደች ሲባል፣ አባትዋና ወንድሞችዋ በተቀመጡበት ሸንጎ ላይ አልፈቅድም ለማለት ትችል ነበርን? በጠለፋ የተወሰደች ልጅ ነገር በዕርቅና በካሣ ሲያልቅ ዕርቁ የማን ከማን ነው? ለቤተ ዘመዶቹ ሰላም ወርዷል፤ ልጅቱ ግን ከጠለፋት ሰው ጋር ትኖራለች። ዕውቀት በልማድ ውስጥ ተከማችቷል የሚለው የበርክ አስተሳሰብ እዚህ ላይ መልስ የለውም፤ የተከማቸው የእነማን ዕውቀት እንደ ሆነ አልጠየቀምና።

በእኛ አስተያየት ለሁለቱም ወገኖች መልስ የሚሆነው ልማድ አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ነገር አለመሆኑን ማወቅ ነው። በልማድ ውስጥ ክርክር አለ። በጉራጌ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረች የቃቄ ወርድወት የምትባል ሴት ታሪክ ይነገራል። በአገሩ ሥርዓት ሴት ያለ ባልዋ ፈቃድ መፋታት አይቻላትም ነበርና፣ እሷ ሴቶቹን አስተባብራ በሽማግሎቹ ሸንጎ ፊት ቆማ ተከራከረች ይባላል። ወርድወት የአውሮፓ መጽሐፍ አላነበበችም፤ የተከራከረችው በዚያው በአባቶችዋ ሸንጎ፣ በአባቶችዋ ቋንቋ ነው። ልማዱ የሽማግሎቹ ነው ካልን፣ ክርክርዋም የልማዱ ክፍል ነው ማለት አለብን። ዕድርንም እንመልከት። ዛሬ ጥንታዊ ባህላችን ብለን የምንጠራው የከተማ ዕድር፣ ሰው ከየአገሩ ወደ ከተማ ተሰብስቦ ከዘመዱ ርቆ በኖረ ጊዜ ቀባሪ እንዳያጣ ያቋቋመው፣ ከመቶ ዓመት እምብዛም የማይበልጥ ሥራ ነው። ልማድ ራሱን ይለውጣል፤ አዲስም ይወልዳል።

6. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ውጤት ይህ ነው። ወግ አጥባቂዎቹ ልማድ ሳይታወቅ ሊሻር አይገባውም ማለታቸው ትክክል ነው፤ ያልታወቀ ልማድ በአንቀጽ ቢሻር ከመጽሐፍ ይወጣል እንጂ ከአገር አይወጣም፤ ከዚያም ማንም በማያየው ቦታ ይሠራል። የሚሳሳቱት ግን ልማድን እንደ አንድ የተዘጋ ሣጥን ቆጥረው፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ እንጠብቀው ማለታቸው ላይ ነው። የጃፓኑ ታሪክ እንዳስረዳን ሳይታወቅ የተጠበቀ ልማድ ሳይታወቅ እንደ ተሻረው ያህል ይጎዳል።

ስለዚህ ሥራው ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ ይመለሳል። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ የሽማግሎችን ቃል እንሰበስባለን። ይህ መልካም ነው፤ የሚያውቁት አባቶችና እናቶች በየዓመቱ እያለፉ ነውና ለነገ የሚባል አይደለም። ነገር ግን የምንሰበስበው ከሸንጎው ወንበር ብቻ ከሆነ የሳቪኚን ስሕተት እንደግማለን። ሥርዓቱ ምን ይላል ብለን ከጠየቅን በኋላ፣ ይህ ሥርዓት ከመቼ ጀምሮ ነው፣ በፊትስ እንዴት ነበር፣ በዚህ ሥርዓት የተከራከረ ሰው አለን፣ ምንስ ተባለ፣ የተፈረደባት ሴትስ ምን ትላለች ብለን መጨመር አለብን። የፈራጁን ቃል በጻፍንበት ወረቀት ላይ የተፈረደበትም ቃል ይጻፍ። ሕግ አውጪው በሌላ ጊዜ ልማድን ለማጽናት ወይም ለመሻር ሲነሣ፣ የ1952ቱ ኮሚሲዮን ያላገኘውን ያን ወረቀት አግኝቶ እንዲያነብ ለማድረግ የምንችለው በዚህ መንገድ ነው ብለን እናምናለን።